ሳይደርስ የሚጠመድ ዓሣና የጅሩ ሰንጋ



የጅሩ ሰንጋ በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። በእነዋሪና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች ሰንጋው እንዴት እንደሚደልብ በየዓመቱ እናያለን። ገበሬው በሬውን ከቤቱ አስሮ፥ ጭድና ጥራጥሬ እያቀረበ ወራት ሙሉ ይቀልበዋል እንጂ ሳይሰባ ወደ ገበያ አይነዳውም። ይህን ማንሣቴ ስለ ከብት ለመጻፍ አይደለም፤ በሰው እጅ በተሠሩት ሐይቆቻችን የሚኖረው ዓሣ እንደዚህ ያለ ታጋሽ ባለቤት ማጣቱን ለማሳሰብ ነው።

ለምሳሌ ኮካን እንመልከት። በሞጆ አጠገብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆመው የኮካ ግድብ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሲፈጸም ዋናው ዓላማ የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። ይሁን እንጂ የተጠራቀመው ውሃ፥ የገሊላ ሐይቅም የሚባለው፥ ውሎ አድሮ የብዙ አስጋሪዎች መተዳደሪያ ሆነ። ከዚያ የሚጠመዱት በተለይ ቆሮሶ፥ አምባዛ፥ ነጭ ዓሣና ካርፕ ናቸው። ከእነዚህም ካርፕ የአገራችን ተወላጅ ሳይሆን ከውጭ መጥቶ በሰው እጅ የገባ ነው።

ብዙ ሰው ዓሣ ውሃ እስካለ ድረስ የማያልቅ ሀብት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ካርፕ በአንድ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል ስትጥል፥ ቆሮሶ ግን ጥቂቱን ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣባቸው ተመልሰው ከእናታቸው አፍ ይሸሸጋሉ። እንግዲህ አንዲት ቆሮሶ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትራባ በጠባብ መረብ ተይዛ ብትወጣ፥ የጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጣው ዘር ጭምር ነው። በኮካ የተደረጉ ጥናቶችም ቆሮሶው ከሚችለው በላይ እየተጠመደ መሆኑን አመልክተዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል፥ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን በሌሊት ከሐይቅ ዳር ቆሞ የመረብ ዓይን አይለካም። አስጋሪውንም ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። የልጆቹን ጉርሻ የሚፈልግ ሰው፥ የሚገዛው እስካገኘ ድረስ ትልቁንም ትንሹንም ያወጣል።

ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛ ወደ ገዢዎቹ ይመለሳል። የዓሣ ገበያ የሚደምቀው በጾም ወራት መሆኑን የማያውቅ የከተማ ሠራተኛ የለም። ሥጋ ቤት ገብቶ የከሳ ሥጋ ሲመዘንለት «አልፈልግም» ብሎ የሚመልስ ሰው፥ መዳፍ የማታህል ዓሣ ተጠብሳ ስትቀርብለት ስለ ምን ዝም ይላል? ገዢ ያጣ ትንሽ ዓሣ ከዕለታት አንድ ቀን መረብ ማጣቱ አይቀርም።

ጉዳዩ የኮካ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከእነዋሪ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ወደ ጀማ፥ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባሉ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሲሆን፥ በዚያም ዓሣ ማስገር ተጀምሯል። አዲስ ማሳ ገና ሲታረስ ድንበሩ ይበጃል እንደሚባለው፥ በዚያም የመረቡ ዓይን ስፋትና ዓሣው በሚራባበት ወራት የሚያርፍበት ሥፍራ ከአሁኑ ቢወሰንና ቢጠበቅ፥ ኋላ ከመጸጸት ያድናል።

የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች በየወደቡ መረብ የሚለኩ ሰዎችን ያቁሙ፤ እኛ መምህራን በክፍላችን እናስተምር፤ የከተማው ወንድሜና እኅቴም ከማዘዛቸው በፊት የዓሣውን መጠን ይጠይቁ። የጅሩ ገበሬ ለአንድ በሬ ወራት የሚታገሥ ከሆነ፥ እኛ ለአንድ ሐይቅ ጥቂት መታገሥ ሊያቅተን አይገባም።

ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
እነዋሪ