ሦስት ሴንሰር በአንድ ሌሊት አይሞትም

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ ኩታበር የሚገባው መንገድ ወደ ተንታና ወደ ደላንታ ይቀጥላል። እዚህ መስመር ላይ የሚመላለሱት ሚኒባሶችና አይሱዙዎች አብዛኞቹ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ለብዙ ባለመኪና ያለውን እየጠገኑ መንዳት ምርጫ መሆኑ ቀርቷል። ችግሩ የእነዚህ መኪኖች ሕመም እንደ ድሮው ካርቡራተር በማጽዳት የማይድን መሆኑ ነው።

አንዱን ሕመም እንውሰድ። መኪናው ዳገት መሐል ጉልበቱ ይጠፋል፤ ነዳጅ ቢረግጡበት አይሰማም። ጋራዥ ገብቶ ስካነር ሲሰካበት የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር፣ የትሮትል ሴንሰርና የነዳጅ ፔዳል ሴንሰር በአንድ ላይ ተከሰው ይገኛሉ። ባለመኪናው ሦስቱንም ግዛ ይባላል። ይገዛል፤ ይቀየራል፤ መኪናው ግን እንደነበረው ነው። እስከ ትናንት የሠሩ ሦስት ሴንሰሮች በአንድ ሌሊት አይሞቱም። ሦስቱ በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር ነው የታመመው፤ እሱም ከኮንትሮል ዩኒቱ (ከሞተሩ ኮምፒውተር) የሚወጣው አምስት ቮልት ነው።

የባትሪ ቮልት አይታመንም። ሞተር ሲነሳ ወደ 10 ይወርዳል፣ ጄኔሬተሩ ሲሞላው ከ14 ያልፋል። በዚህ የሚዋዥቅ ኃይል የሚሠራ ሴንሰር የሚሰጠው መረጃም አብሮ ይዋዥቃል። ስለዚህ ኮንትሮል ዩኒቱ የባትሪውን ኃይል በውስጡ ወደ ቋሚ አምስት ቮልት ቀንሶ ያድላል። እንዲህ ዓይነቱ ሴንሰር በመሠረቱ ሦስት ሽቦ አለው፦ አምስቱን ቮልት የሚያመጣው (ቶዮታ ቪ ሲ ይለዋል)፣ ግራውንዱ (ኢ 2) እና መልእክት ወሳጁ። ሴንሰሩ ከአምስቱ ላይ እንደየሁኔታው ከፍሎ በሦስተኛው ሽቦ ይመልሳል። አምስቱ ካልደረሰው የሚመልሰው ዜሮ ነው፤ ኮንትሮል ዩኒቱም ሴንሰሩን ይከሳል።

አንድ ሰፈር በአንድ የውኃ መስመር እንደሚጠቀመው ነው፦ የአንዱ ግቢ ቧንቧ ተሰብሮ ሜዳ ላይ ሲፈስ የጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ባዶ ይቀራል። የአንዱ ሴንሰር ውስጥ ኮንታክት ከተፈጠረ በዚያው መስመር ላይ ያሉት ሁሉ ይራባሉ።

ሁሉም ሴንሰር ግን የዚህ መስመር ደንበኛ አይደለም። የሙቀት ሴንሰር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ የተለመደው የኦክስጅን ሴንሰርና የጥቅል ሽቦ ዓይነቱ የክራንክ ሴንሰር ደግሞ ቮልታቸውን ራሳቸው ያመነጫሉ። እነዚህ ብቻቸውን ከተከሰሱ ነገሩ ሌላ ነው። በተቃራኒው ስካነሩ ላይ ፒ 0641፣ ፒ 0642 ወይም ፒ 0643 ከታየ ኮንትሮል ዩኒቱ ራሱ “አምስቱ ቮልት ችግር አለበት” እያለ ነው፤ በቅደም ተከተል ተቋርጧል፣ ወርዷል፣ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ፒ 0651 ሁለተኛውን መስመር ያመለክታል፤ ብዙ ኮንትሮል ዩኒቶች አምስቱን ቮልት በሁለት ወይም በሦስት መስመር ከፍለው ያድላሉና።

የቶዮታ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ ሞዴሎቹ ቪ ሲ ከግራውንድ ጋር ኮንታክት ከፈጠረ ኮንትሮል ዩኒቱ ራሱ ሥራ ያቆማል። ሞተሩ አይነሳም፣ ስካነሩ አይገናኝም፣ ቁልፍ ሲከፈት ሊበራ የሚገባው የቼክ ኢንጂን መብራት እንኳ አይበራም። “ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል” የሚለው ውድ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ጥፋተኛው ግን የፔዳሉ ሴንሰር ወይም አንዲት የተፋቀች ሽቦ ልትሆን ትችላለች።

ምርመራው መልቲሜትርና ትዕግሥት ይበቃዋል። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የአንዱ ሴንሰር ሶኬት ይነቀልና በቪ ሲና በኢ 2 መካከል ይለካል። ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ከተገኘ ደህና ነው። 0.3 ካለ መልቲሜትሩ እንደተሰካ ሌሎቹ ሴንሰሮች አንድ በአንድ ይነቀላሉ። የግፊቱ ተነቀለ፣ አሁንም 0.3። የትሮትሉ ተነቀለ፣ አሁንም ያው። የፔዳሉ ሲነቀል ቁጥሩ ዘሎ 5.0 ላይ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሁሉም ተነቅለው ካልተመለሰ ጥርጣሬው ወደ ሽቦው ይዞራል፤ ኮንትሮል ዩኒቱ መጠርጠር ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። ከአምስት በላይ፣ ለምሳሌ 12 ቮልት ከተነበበ ደግሞ የባትሪ ሽቦ የሆነ ቦታ ነክቶታል። በዚህ ሥራ የአምፖል ቴስተር መጠቀም አይገባም፤ መስመሩ የሚችለው ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሆነ አምፖሉ ራሱ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

ግራውንዱ የተረሳው ወገን ነው፤ እዚህ ላይ ኩታበር የራሷ መፈተኛ አላት። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 75 ይወርዳል፤ ደሴና ኩታበር ደግሞ በዚሁ ከፍታ አካባቢ ናቸው። ሞተሩ ሳይነሳ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር 75 አካባቢ ካነበበ ጤነኛ ነው፤ “መጽሐፉ 101 ይላል” ብሎ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ኩታበር ላይ ቆሞ 100 የሚያነብ ሴንሰር ነው የሚያጠራጥረው። የግራውንዱ ሽቦ ሲላላ ወይም ሲዝግ የመልእክቱ ቮልት ወደ ላይ ይገፋልና፣ ከሴንሰሩ በፊት ኢ 2 ይፈተሽ።

ሽቦው የሚጎዳበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከብረት ጋር እየተፋተገ የተላጠ፣ አይጥ የቀረጠፈው፣ አላርም ሲገጠም ተቆርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ። ሞተርን በውኃ ግፊት ማጠብም ሶኬት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ስለዚህ መልቲሜትሩ ተሰክቶ ሳለ ሽቦውን በእጅ ማወዛወዝ ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ከዘለለ ብልሽቱ እጅዎ ካለበት ቦታ ብዙም አይርቅም።

ባለመኪና ሆነው “ሴንሰር ይግዙ” ከተባሉ፣ ከመክፈልዎ በፊት መካኒኩን “ወንድሜ፣ ቪ ሲ ላይ ስንት ቮልት አገኘህ?” ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን ካልነገረዎት ገና አልለካም ማለት ነው፤ ይለካና ይግዙ።