በዓሣ ኩሬ ውስጥ የውኃ እንቅስቃሴና የአየር አጠባበቅ

መግቢያ

ዓሣ በኩሬ የሚያረባ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ብዙውን ጊዜ ዓሣው ለገበያ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ማታ ደኅና የነበረ ኩሬ ጧት ሲታይ፣ ትልልቆቹ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ይገኛሉ። አባሎቹ ኩሬ ቆፍረው፣ ፍግ ተሸክመውና መኖ ገዝተው ስድስትና ሰባት ወር የደከሙበት ሀብት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ይህ ሲሆን አንዱ ውኃው ተመርዟል፣ ሌላው በሽታ ገብቷል ይላል። ጎረቤትን የሚጠረጥርም አይጠፋም። ሊነጋ ሲል ለሚደርሰው እንዲህ ላለው እልቂት ግን ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በውኃው ውስጥ ያለው አየር ማለቁ ነው።

ይህን አደጋ በአነስተኛ ወጪ መከላከል ይቻላል። የሚያስፈልገው ውኃው በኩሬው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚዘዋወርና እንዴት እንደሚወጣ ማወቅና ኩሬውን በየጧቱ መጠበቅ ነው። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ኮሚቴዎች ይህንኑ ለአባላት እንዲያስረዱበት የቀረበ ነው።

1. ዓሣ አየር የሚያገኘው ከየት ነው?

ዓሣም እንደ ከብት ይተነፍሳል። ልዩነቱ ኦክስጅን የተባለውን አየር በስንጥቡ አማካይነት ከውኃ ውስጥ መውሰዱ ነው። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በጣም ጥቂት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚይዘው 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ቦታ አንድ ሊትር አየር ከዚህ ከ30 ጊዜ የበለጠ ኦክስጅን አለው። ከፍታ ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር በሆነ ቦታ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ያህል ነው። ስለዚህ በደጋና በወይና ደጋ የሚገኙ ኩሬዎች ከመነሻውም ትርፍ አየር የላቸውም።

ይህ አየር ወደ ኩሬው የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውኃው ከነፋስ ጋር በሚገናኝበት በላዩ ገጽ በኩል ነው። ውኃው ከተኛ በዚህ መንገድ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከተንቀሳቀሰና ከተረጨ ግን ይጨምራል። ሁለተኛው ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት፣ በዓይን ለይተው የማይታዩ ጥቃቅን ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን የሚያወጡት ነው።

ሆኖም እነዚሁ ዕፀዋት ሌሊት ኦክስጅን አይሰጡም፤ እንዲያውም ከዓሦቹ ጋር እየተሻሙ ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት በኩሬ ውስጥ ያለው አየር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከፍተኛ ሲሆን፣ ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ዝቅተኛ ይሆናል። ውኃው በጣም ከአረነጓደ፣ ቀን አየሩ ተትረፍርፎ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል።

ቆሮሶ የአየር እጥረትን በመቋቋም የታወቀ ነው። ኦክስጅኑ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ቢወርድም ለአጭር ጊዜ ይታገሣል። ነገር ግን በተደጋጋሚ ከ3 ሚሊግራም በታች በሚሆንበት ኩሬ መኖ መብላት ይቀንሳል፤ ዕድገቱም ይዘገያል። ስለዚህ ዓሣው ባይሞትም ማኅበሩ ሳያውቀው በየቀኑ ይከስራል። አምባዛ ከውኃው በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል ቆሮሶ በሚያልቅበት ኩሬ ውስጥ ሊተርፍ ይችላል።

2. የላይኛውና የታችኛው ውኃ ሲለያይ

ነፋስ በሌለበት ፀሐያማ ቀን የኩሬው የላይኛው ውኃ ይሞቃል። ሙቅ ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀራል፤ ቀዝቃዛውና ከባዱ ውኃ ደግሞ ከታች ይተኛል። ሁለቱ ካልተቀላቀሉ ከላይ ያለው አየር ወደ ታች አይደርስም። በኩሬው ወለል ላይ የተጠራቀመ ፍግ፣ የተረፈ መኖና የዓሣ ኩስ እየበሰበሰ በታች ያለውን አየር ይጨርሳል። ጭቃው ሲነካ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሰጠ ይህ መድረሱን ያመለክታል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ኩሬ ድንገት ከባድ ዝናብ ወይም በረዶ ቢወርድበት፣ ወይም ብርድና ነፋስ ቢመጣበት፣ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይወርድና አየር የሌለው የታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር ይደባለቃል። ዓሦቹም መሸሻ ያጣሉ። በትልልቅ ሐይቆችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በቢሾፍቱ ዙሪያ በሚገኙት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የላይኛውና የታችኛው ውኃ የሚደባለቀው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ወራት መሆኑን አሳይተዋል።

በክረምትም ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት ከደመነ አረንጓዴዎቹ ዕፀዋት በቂ አየር ስለማያወጡ ጥንቃቄው መጨመር አለበት።

ከዚህ የምንረዳው ኩሬው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ከላይ እስከ ታች መደባለቅ እንዳለበት ነው። ውኃ በአንድ በኩል ገብቶ በላይ በላይ በሌላው በኩል ቢወጣ ጥቅም የለውም። አዲሱ ውኃ ይባክናል፤ መጥፎው ከታች ይቀራል።

3. የማስገቢያውና የማፍሰሻው አሠራር

ሀ) ማስገቢያው ከኩሬው ውኃ ገጽ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ውኃው እንዲወድቅ ሆኖ ይሠራል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በምስማር የተበሳሳ ቆርቆሮ ቢደረግ ውኃው ተበታትኖ ሲወርድ ብዙ አየር ይይዛል። የማይፈለጉ ዓሦች ከወንዝ እንዳይገቡ በአፉ ላይ ወንፊት ይታሰርበታል፤ ወንፊቱም በየቀኑ ይጠረጋል።

ለ) ማፍሰሻው ከማስገቢያው ትይዩ፣ በኩሬው ጥልቅ ጫፍ ይሆናል። ሁለቱ ከተቀራረቡ አዲሱ ውኃ ኩሬውን ሳያዳርስ ይወጣል።

ሐ) ማፍሰሻው የታችኛውን ውኃ እንዲያወጣ መደረግ አለበት። ቀላሉ ዘዴ እንዲህ ነው። በግድቡ ሥር ባለፈው ቱቦ ጫፍ ላይ፣ የሚፈለገውን የውኃ ከፍታ ያህል የሚረዝም ቱቦ ይቆማል። ከዚያም ከእርሱ የሚሰፋና የሚበልጥ፣ ከግርጌው የተፈለቀቀ ሌላ ቱቦ እንደ እጅጌ ይለበስበታል። ውኃው በሰፊው ቱቦ ግርጌ ገብቶ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ወደ ላይ ይወጣና በውስጠኛው ቱቦ አፍ ይፈስሳል። በዚህ ዓይነት የኩሬው ከፍታ ሳይቀንስ የሚወጣው ከወለሉ አካባቢ ያለው ውኃ ይሆናል።

መ) ማዕዘኖቹ የጠበቡና የተወሳሰቡ ኩሬዎች ውኃ የሚተኛባቸው ጥጎች ስላሏቸው፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ረዘም ያለ ቅርጽ ይመረጣል። ነፋስ የሚመጣበትን አቅጣጫ ረጃጅም ዛፎች መጋረድ የለባቸውም፤ መጠነኛ ነፋስ ያለ ወጪ ውኃውን ያንቀሳቅሳልና።

4. ምን ያህል ውኃ ይግባ?

ወራጅ ውኃ ያላቸው አንዳንድ ማኅበራት ውኃውን ቀን ከሌት ይለቅቃሉ። በፍግ ለሚለማ ኩሬ ይህ ትክክል አይደለም። ፍጉ ያበቀላቸው ጥቃቅን ዕፀዋት የቆሮሶ ምግብ ሲሆኑ፣ የማያቋርጥ ፍሰት ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ከዚህም ሌላ የምንጭና የወንዝ ውኃ ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ከ20 ዲግሪ በታች የሚበላው ይቀንሳል።

በዘወትር ጊዜ የሚገባው ውኃ በትነትና በስርገት የጎደለውን የሚተካ ያህል ከሆነ ይበቃል። ለምሳሌ 200 ካሬ ሜትር ስፋትና በአማካይ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 200,000 ሊትር ይይዛል። በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ የሚተካው 2000 ሊትር ነው።

የቦዩን መጠን ለማወቅ 20 ሊትር ጄሪካን በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ይቆጠራል። በ20 ሴኮንድ ከሞላ ፍሰቱ በሴኮንድ 1 ሊትር ነው። ይህ ፍሰት ለ6 ሰዓት ቢለቀቅ 21,600 ሊትር፣ ማለትም ከኩሬው አንድ አሥረኛ ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል።

የውኃውን ልማት በክንድ መለካት ይቻላል። ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ሲገባ መዳፍ ከዓይን የሚሰወረው ውኃው ክርን አጠገብ ሲደርስ ከሆነ ደኅና ነው። ከ20 ሴንቲ ሜትር በፊት ከተሰወረና ይህም በጭቃ ሳይሆን በአረንጓዴው ብዛት ከሆነ ፍግ መጨመር ይቆማል፤ ከታች ያለው ውኃም በአዲስ ይተካል። የሚወጣው ውኃ ለአትክልት ማሳ እጅግ ተስማሚ ስለሆነ ማሳውን ከኩሬው እያጠጡ ኩሬውን ከቦዩ መሙላት ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ሰው ወደሚጠጣው ውኃ ግን መለቀቅ የለበትም።

5. የአደጋ ምልክቶች

• ዓሦቹ ሊነጋ ሲል በውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ፤ ወይም በማስገቢያው ሥር ይሰበሰባሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ታች ይመለሳሉ።
• መኖ ሲሰጣቸው እንደ ወትሮው አይሻሙም።
• አረንጓዴው ውኃ በድንገት ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ይለወጣል። ይህም ዕፀዋቱ በአንድ ጊዜ መሞታቸውን ያሳያል።
• ሞት ከደረሰ ብዙውን ጊዜ ትልልቆቹ ይቀድማሉ። በቀን ብርሃን ትልቁም ትንሹም በአንድ ጊዜ ከሞተ መርዝ መኖሩ መጠርጠር አለበት።

6. በአደጋ ጊዜ የሚወሰድ እርምጃ

ሀ) መኖና ፍግ ወዲያውኑ ይቆማል።
ለ) ማስገቢያው በሙሉ ይከፈታል፤ የታችኛው ማፍሰሻም ይከፈታል።
ሐ) ወራጅ ውኃ ከሌለ የመስኖ ሞተር ፓምፕ የኩሬውን ውኃ ስቦ ከፍ አድርጎ መልሶ ይረጨዋል። የመሳቢያው ጫፍ ከገጹ አጠገብ ይሁን እንጂ ጭቃ ውስጥ መግባት የለበትም። ፓምፕ ከሌለ አባላት ከግድቡ ላይ ሆነው ውኃውን በባልዲ እየቀዱ ወደ ላይ ይረጫሉ።
መ) ወደ ኩሬው ገብቶ ጭቃውን ማተራመስ አደጋውን ስለሚያባብስ ክልክል ነው።
ሠ) የሞቱት ተለቅመው ይቀበራሉ። አደጋው ካለፈ በኋላ ለገበያ የደረሱትን አጥምዶ ቁጥራቸውን መቀነስ ይጠቅማል።

7. የማኅበሩ ድርሻ

ብዙ ኩሬ ያለው ማኅበር ለእያንዳንዱ ኩሬ ከዋናው ቦይ የተለየ ማስገቢያ ሊያበጅለት ይገባል። ከላይኛው ኩሬ የወጣው ውኃ ለታችኛው ከተሰጠ አየሩ ያለቀና ቆሻሻ የያዘ ከመሆኑም በላይ በሽታም ያዛምታል። በአባላት መካከል ቅሬታ የሚያስነሣውም ይኸው ነው።

ኩሬውን ሊነጋ ሲል የሚያይ ተረኛ በስም ተለይቶ መመደብ አለበት። ተረኛው ሰብሳቢውን ሳይጠብቅ በሩን የመክፈት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃድ እስኪገኝ ዓሣው አይቆይም። ቦዩ ከመስኖ ተጠቃሚዎች ጋር የጋራ ከሆነም፣ በአደጋ ጊዜ ኩሬው ለጥቂት ሰዓታት ቅድሚያ እንዲያገኝ አስቀድሞ በስብሰባ መወሰን ይበጃል።

ማጠቃለያ

የኩሬ ዓሣ ሕይወት የሚወሰነው ሊነጋ ሲል ባለው አየር ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ኩሬ ሲጎበኝ ቀትር ላይ ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከንጋት በፊት መገኘት ይኖርበታል። ውኃው ከላይ ወድቆ ይግባ፣ ከታች ይውጣ፣ ሳይበዛ ይለወጥ። መኖና ፍግ በልክ ይሁን፤ ተረኛውም በሰዓቱ ይገኝ። እነዚህን የፈጸመ ማኅበር የወራት ድካሙን በአንድ ሌሊት የሚያጣበት ምክንያት አይኖርም።