የሰውን ንግግር ከጩኸት ስለ መለየት

ጠጠር ከጤፍ በወንፊት ይለያል፤ መጠናቸው ልዩ ልዩ ነውና። እንደ ጤፍ የደቀቀ አሸዋ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ግን ወንፊት አይረዳም። ንግግርን ከጩኸት መለየትም እንደዚሁ ነው። የአይሮፕላን ነጂ በራዲዮ ሲናገር የሞተሩ ጩኸት አብሮ ይገባል፤ ቅጥነቱና ውፍረቱም ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል፥ ባንድ ልክ የተሠራ ማጣሪያ ጩኸቱን ሲያስቀር ንግግሩንም ያስቀራል። ደግሞም ሞተሩ ሲፈጥንና ሲዘገይ፥ ነጂውም ራሱን ሲያዞር፥ ጩኸቱ ይለዋወጣል። የነጂው ቃል ሳይሰማ ቢቀር አደጋው የሕይወት ነው።

ስለዚህ ራሱን በራሱ የሚያርም ማጣሪያ ተፈለገ። የዚህንም የስሌት ዘዴ በአሜሪካ፥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፥ በርናርድ ዊድሮው ከተማሪው ከማርሺያን ሆፍ ጋር አግኝቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. አሳተመ።

ሁለት ማይክሮፎን ይደረጋል። አንደኛው በተናጋሪው አፍ አጠገብ ሆኖ ንግግሩንና ጩኸቱን ባንድነት ይቀበላል፤ ሁለተኛው ራቅ ብሎ ጩኸቱን ብቻ ይሰማል። እንዲያው አንዱን ካንዱ መቀነስ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን አይበቃም፤ ጩኸቱ ወደ ሁለቱ የሚደርሰው በተለያየ መንገድ ነውና ባንዱ በርትቶ ባንዱ ደክሞ፥ ባንዱ ቀድሞ ባንዱ ዘግይቶ ይሰማል። ለምሳሌ በሁለተኛው 10 የሆነው ጩኸት በአንደኛው 6 ቢሆን፥ 10ሩን ሁሉ መቀነስ ሌላ ጩኸት መፍጠር ነው። ማጣሪያው ግን በመጀመሪያ 3 ብቻ ይቀንሳል፤ ትራፊው ገና ከሞተሩ ጩኸት ጋር አብሮ ሲነሣና ሲወድቅ ባየ ጊዜ ወደ 5 ከፍ ያደርጋል፤ እንዲህ እያለ 6 ይደርሳል። ንግግሩ ከሞተሩ ጋር የማይነሣና የማይወድቅ ስለ ሆነ ሳይነካ ይቀራል። ይኸም እርማት በሰኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደረጋል፤ ጩኸቱ ቢለወጥ ማጣሪያውም ይከተለዋል። ሁለተኛው ማይክሮፎን ንግግሩንም የሰማ እንደ ሆነ ግን ማጣሪያው ንግግሩን እንደ ጩኸት ቈጥሮ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ቦታውን መምረጥ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ዊድሮውና ባልንጀሮቹ በጻፉት ጽሑፍ ዘዴው ከድምፅ ሌላ ለሕክምናም እንደሚሆን አሳይተዋል። የፅንስ ልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ከነፍሰ ጡሪቱ ሆድ ላይ ሲወሰድ፥ የእናቲቱ ልብ ምልክት ከ2 እስከ 10 ጊዜ በልጦ ይሸፍነዋል። ከደረቷ ላይ የእርሷን ልብ ምልክት ለብቻው ወስደው ማጣሪያው ከሆድዋ ምልክት ላይ እንዲቀንሰው ቢያደርጉ፥ የፅንሱ ልብ ምት ተለይቶ ታየ።