የወጣቶች የባህርይ ድጋፍ መርሐ ግብር፦ የተሳታፊዎች እርካታ እንዴት ይመዘናል?

የባህርይ ድጋፍ መርሐ ግብር ለሱስ፣ ለጠብ፣ ከትምህርት ገበታ ለመራቅ ወይም ለከባድ ጭንቀት የተጋለጡ ወጣቶች በምክር አገልግሎት፣ በቡድን ውይይትና በሕይወት ክህሎት ሥልጠና የሚደገፉበት አሠራር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን የኅብረተሰብ ክፍል ነው። ስለዚህ በአንድ የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል የ15 ዓመት ተማሪና ልጆች የሚያሳድግ የ29 ዓመት አባወራ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ሁለቱንም «በአገልግሎቱ ረክታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ምላሻቸውን በትክክል መረዳት ግን ጥንቃቄ ይሻል።

በቅድሚያ እርካታና የባህርይ ለውጥ የተለያዩ መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። አንድ ወጣት አማካሪውንም የጠረጴዛ ቴኒሱንም ወዶ ጫት መቃሙን ሊቀጥል ይችላል። ሌላው መራራ እውነት በነገረው አማካሪ ተቀይሞም ቢሆን ልማዱን ሊተው ይችላል። በመሆኑም የእርካታ ውጤት እንደ ትምህርት ቤት ክትትል ካሉ ሌሎች መረጃዎች ጋር ተገናዝቦ መታየት አለበት። ይህ ሲባል እርካታ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ክብሩ የተነካበት ወጣት ተመልሶ አይመጣም፣ ያልመጣን ወጣት ደግሞ መደገፍ አይቻልም።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 ለኅትመት የበቃው ባለ 8 ጥያቄ የደንበኞች እርካታ መጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ 4 አማራጮች ሲኖሩት አጠቃላይ ውጤቱ ከ8 እስከ 32 ይደርሳል። መካከለኛ ምላሽ ስለሌለው መላሹ ወደ አንዱ ወገን ማዘንበል ግድ ይሆንበታል። ከጥያቄዎቹም «ተመሳሳይ ችግር ላለበት ጓደኛዎ ይህን አገልግሎት ይጠቁማሉ?» የሚል ይዘት ያለው ይገኝበታል። መጠይቁን ወደ አገር ውስጥ ቋንቋዎች ከመለሱ በኋላ በጥቂት ወጣቶች ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

በእኛ ዘንድ ትልቁ ፈተና ይሉኝታ ነው። የከፋው ሰው እንኳ ደኅንነቱን ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። መጠይቁን ያደለው አማካሪው ራሱ ከሆነ፣ በተለይም የምስክር ወረቀት ወይም የውሎ አበል ገና ካልተሰጠ፣ ሁሉም «በጣም ረክቻለሁ» ቢል አያስደንቅም። ስለዚህ መጠይቁን ከመርሐ ግብሩ ውጪ የሆነ ሰው ቢያድል፣ ስም ባይጻፍበትና በታሸገ ሣጥን ቢሰበሰብ ይመረጣል። ማንበብ ለማይችሉ ተሳታፊዎች ጥያቄው ለብቻቸው ይነበብላቸዋል። ከጥቅል ጥያቄ ይልቅም ተጨባጩ ያዋጣል፦ «ባለፉት አራት ሳምንታት ስንት ጊዜ ቀሩ? ለምን?»፣ «እርስዎ ቢሆኑ በመጀመሪያ የሚለውጡት ምንድን ነው?» የመሳሰሉትን።

ያቋረጡትን መዘንጋት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። 60 ወጣቶች ተመዝግበው 35ቱ ጨረሱ፣ ከእነዚህም 30ዎቹ ረክተናል አሉ እንበል። ሪፖርቱ 86 በመቶ እርካታ ሊል ይችላል። ከተመዘገቡት አንጻር ግን መርካታቸው የታወቀው ግማሾቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት 25 ወጣቶች በስልክ ቢጠየቁ፣ ሰዓቱ ከሥራቸው ጋር ይጋጭ እንደነበር፣ የትራንስፖርት ክፍያው ከአቅማቸው በላይ እንደነበር ወይም በቡድኑ ፊት እንደተዋረዱ ሊናገሩ ይችላሉ። ለማሻሻያ የሚጠቅመው ቃል ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ይገኛል።

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ለመጠየቅ የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የራሳቸው ፈቃደኝነትም አስፈላጊ ነው። በትምህርት ቤት ወይም በፍርድ ቤት የተላኩ ወጣቶችም ምላሻቸው በጉዳያቸው ላይ ጉዳት እንደማያመጣባቸው አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ያለው ነው። ስም አለመጻፉም ሁልጊዜ በቂ አይደለም፤ ስድስት አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ «ሴት፣ 16 ዓመት» የሚለው ብቻ ማንነትን ሊያጋልጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትንንሽ ቡድኖችን ውጤት አጣምሮ ማቅረብ ይገባል።

ውጤቱ ከተጠናቀረ በኋላ ማዕከሉ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተሻሻለና ያልተሻሻለውም ለምን እንደቀረ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሊያሳውቅ ይገባል፤ መልስ ያላገኘ ተሳታፊ ለቀጣዩ መጠይቅ ትኩረት አይሰጥምና።