ሾላና ዋርካ በሕንድ መድኃኒትና በሸዋ ቆላ

የዕፅዋት ሊቃውንት ፊከስ ብለው በሚጠሩት ወገን ውስጥ ከ750 በላይ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሾላ፣ ባምባ፣ ዋርካና በለስ እየተባሉ የሚታወቁት ዛፎች ሁሉ የዚህ ወገን አባላት ናቸው፤ እዚህ ላይ በለስ ሲባል በሰሜን አገር በዚሁ ስም የሚጠራውን እሾሃማ ቁልቋል ማለት አይደለም። ዛፎቹን የሚያዛምዳቸው ሲቆረጡ የሚያፈሱት ነጭ ወተትና አበባውን በውስጡ ሸሽጎ የሚይዘው ፍሬያቸው ነው። ፍሬ የሚባለው በእርግጥ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ክምችት ሲሆን፣ በአፉ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ሾልካ የምትገባ ደቃቅ ተርብ ካልደረሰችለት በቀር አብዛኛው ዝርያ ዘር አይቋጥርም።

በሰሜን ሸዋ የመንዝና የግሼ ደጋ፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ዘመሮን ጨምሮ፣ ለእነዚህ ዛፎች ይበርድባቸዋል፤ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በጓሳ ደግሞ ሾላም ዋርካም ጨርሶ አይታሰብም። ዛፎቹ በብዛት የሚገኙት ከ2,500 ሜትር በታች፣ ደጋው ወደ አዳባይ፣ ወደ ወንጪትና ወደ ጀማ ሸለቆዎች ተቆርሶ በሚወርድበት አገርና በመርሐቤቴ ቆላ ነው። ስለዚህ የደጋው ሰው የኮሶ ትል ሲያስቸግረው መድኃኒቱን ከዚያው ከደጋው የኮሶ ዛፍ ሲያገኝ፣ የሾላ ልጥ ወይም የዋርካ ወተት ሲያስፈልገው ግን ፊቱን ወደ ቆላ ማዞር ግድ ይሆንበታል።

በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የባህል መድኃኒትን ያጠኑ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከመድኃኒተኞች አፍ ሲመዘግቡ የኖሩት ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ የሾላ ቅርፊት ለተቅማጥና ለቁስል፣ የባምባ፣ የዋርካና የበለስ ወተት ደግሞ ለጭርት፣ ለቋቁቻ፣ ለኪንታሮትና አልፎ አልፎም ለሆድ ትላትል ይውላል። የቤተ ክርስቲያን ሰው በበኩሉ ከዚህ ጋር የሚዛመድ ታሪክ ያውቃል፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ በእባጭ ታምሞ ለሞት በተቃረበ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲለጠፍ ማዘዙ በመጽሐፈ ነገሥትና በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ተጽፏል።

ይህ የመድኃኒተኞቹ ዝርዝር ለሕንድ ባህላዊ ሐኪም ቢነበብለት እንግዳ አይሆንበትም። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንዶች ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ከዚህ ወገን አራት ዛፎችን አብልጦ ያከብራል። ኡዱምባራ የሚሉት፣ ፍሬው ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንዠርግጎ የሚወጣው ዛፍ፣ በዕፅዋት አመዳደብ ከሾላና ከባምባ ጋር ከአንድ ንዑስ ክፍል የሚቆጠር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከቅርንጫፎቹ ሥር እያወረደ መሬት የሚተክለው ንያግሮዳና ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ተገለጠለት የሚባልለት አሽቫታ ደግሞ በዋርካ በኩል ይዛመዳሉ። አራተኛው ፕላክሻ ይባላል። የእነዚህ የአራቱ ቅርፊት ከጥጥ ቤተሰብ ከሆነ ፓሪሻ ከተባለ ሌላ ዛፍ ቅርፊት ጋር ሲደባለቅ ፓንቻቫልካላ፣ ማለትም አምስቱ ቅርፊቶች፣ የሚባለውን መድኃኒት ያስገኛል፤ ተቀቅሎ የቀዘቀዘው ውኃ የሚያዣብር ቁስል ይታጠብበታል፣ አፉ የቆሰለ ይጉመጠመጥበታል፣ ነጭ ፈሳሽ የበዛባት ሴትም ትታጠብበታለች። የኡዱምባራ ቅርፊት ለብቻው ለተቅማጥ፣ ለደም መፍሰስና ሽንት ለሚያበዛው፣ ዛሬ ከስኳር በሽታ ጋር ለሚቀራረበው ሕመም ሲታዘዝ፣ ጥሬ ፍሬው እንደ አትክልት ተሠርቶ ይበላል።

የአዩርቬዳ ሐኪሞች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት ምክንያት ከጣዕም ይነሣል። ሥርዓቱ ጣዕምን በስድስት ሲከፍል ከእነርሱ አንዱ ካሻያ፣ ማለትም አፍን ጨምድዶ የሚይዘው ጣዕም ሲሆን፣ የእነዚህ ዛፎች ቅርፊት ይህን ጣዕም ስለያዘ ያቀዘቅዛል፣ ያደርቃል፣ የሚፈሰውንም ይገታል ተብሎ ይታመናል። መጠኑም ለግምት አልተተወም፤ በመካከለኛው ዘመን የተዘጋጀው የሻርንጋዳራ መጽሐፍ 1 እጅ መድኃኒት በ16 እጅ ውኃ ተጥዶ አንድ ስምንተኛው እስኪቀር ድረስ እንዲፈላ ያዝዛል።

የዘመኑ ኬሚስትሪ ይህን አሳብ በሌላ ቋንቋ በከፊል ይደግፈዋል። አፍን የሚጨመድደው ጣዕም የሚመጣው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ታኒን ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ስለሚያጠነክረው፣ ጥሬ ቆዳ የሚያለፋ ፋቂ የዛፍ ልጥ የሚፈልገው ስለ እርሱ ሲሆን፣ በቁስል ላይም ስስ ሽፋን ሠርቶ ፈሳሹን ይቀንሳል። ወተቱ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በላቲን አሜሪካ ሕዝቡ ለሆድ ትል የሚጠጣውን የዚህ ወገን ዛፍ ወተት የመረመረው ሮቢንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 እንዳስረዳው፣ በወተቱ ውስጥ ፊሲን የሚባል ፕሮቲንን የሚፈጭ ኢንዛይም አለ፤ ትሉን የሚያጠፋውም ይኸው ነው። ችግሩ ፊሲን የትሉን ገላ ከሰው አንጀት ወይም ከዓይን ብሌን ለይቶ አለማወቁ ነው። በበለስ ቅጠልና ወተት ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ፤ በጭርት ላይ ወተት ቀብቶ ወደ እርሻ የሚወጣ ሰው ከጭርቱ የባሰ ቁስል ሊያተርፍ ይችላል።

ስለ ስኳር በሽታ የሚወራው ደግሞ በአብዛኛው በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ወይም ኢንሱሊን ትቶ ወደ ልጥ መመለስ ሞኝነት ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም የሚሞተው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ሲያልቅበት በመሆኑ፣ ከየትኛውም ቅርፊት በፊት የሚያስፈልገው ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ኦአርኤስ ነው።

ዛፉ ዘመድ፣ አገልግሎቱም ተቀራራቢ ከሆነ፣ የሕንዱ በዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ሲሰጥበት የሸዋው በመድኃኒተኛው ጓዳ የቀረበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱን በጽሑፍ መኖርና አለመኖር ብቻ መፈለግ አያስኬድም፤ በኢትዮጵያም ደብተራዎች በግእዝና በአማርኛ የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ነበሩ፣ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲንም በርካታዎቹን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መርምሮ አሳትሟቸዋል። ልዩነቱ ያለው ከጽሑፉ በኋላ በሆነው ነገር ነው። የአዩርቬዳ መሠረት ከሆኑት ጥንታዊ መጻሕፍት የቻራካን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ቻክራፓኒዳታ፣ የሱሽሩታን ደግሞ በ12ኛው አካባቢ ዳልሃና ቃል በቃል ተርጉመው፣ የትኛው ስም የትኛውን ዛፍ እንደሚያመለክት ተከራክረውበት ለተማሪ አውርደውታል። ይህ ሥራ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም፤ ለብሉያትና ለሐዲሳት፣ ለሊቃውንትና ለመነኮሳት መጻሕፍት ጉባኤ ዘርግተው አንድምታ ያደላደሉ ሰዎች ለመድኃኒቱ መጽሐፍ ግን ወንበር አልዘረጉለትም። የመድኃኒት ዕውቀት ከአባት ለተመረጠ ልጅ በምስጢር የሚሰጥ፣ ቢነገር ኃይሉን የሚያጣ ተደርጎ ስለ ታየ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ የሚያርምበት መድረክ አልተገኘም።

የሕንዶች ድካም ፍሬው የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ አገር የእርድ ቁስል የማዳን ጥቅም እንደ አዲስ ግኝት ተቆጥሮ የፈጠራ ባለቤትነት መብት በተሰጠበት ጊዜ ነው፤ ሕንድ የቆዩ ጽሑፎቿን በማስረጃነት አቅርባ መብቱን በ1997 አሰርዛለች፣ በ2001ም ባህላዊ ዕውቀቷን በኮምፒውተር የሚያሰባስብ ቤተ መዛግብት ማደራጀት ጀምራለች። በኢትዮጵያ የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ዕውቀቱን የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የባለቤቶቹን ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሆኖም አዋጅ ብቻውን በመዝገብ ላልሰፈረ ነገር ማስረጃ አይሆንም። የቀያንና የመርሐቤቴን መድኃኒተኞች ፈቃድ ጠይቆ፣ ስማቸውንና ድርሻቸውን ጠብቆ፣ የሾላውን ልጥ መጠን ከነአቀማመሙ መመዝገብ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ለወረዳዎቹ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ቅርብ ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ቢጀመር ይሻላል።