የእናቶቻችንን የምግብ አሰራር በየትኛው ሶፍትዌር እናስቀምጥ?



ረመዷን ሲቃረብ ብዙዎቻችን ወደ ቤት ደውለን «እማ፣ ሾርባው ላይ መጀመሪያ የሚገባው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱም ብዙ ጊዜ «ትንሽ ጨው፣ አንድ እፍኝ አጃ፣ ውሃውን በዓይንህ እየው» ነው። እናቶቻችን ሳይሰፍሩ የሚሰሩት ልኩ በእጃቸውና በዓይናቸው ስላለ ነው። እኛ ግን ከቤት ርቀን ስለምንማር አጠገባቸው ቆመን የማየት ዕድላችን እያነሰ መጥቷል። ያልተጻፈ ሙያ ደግሞ ባለቤቱ ወደ አኺራ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

አሁን አብዛኛው ሰው የምግብ አሰራር የሚያስቀምጠው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ወይም ወረቀት ፎቶ አንስቶ ነው። ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ ለስድስት ሰው የነበረውንም ለስልሳ ሰው አስልቶ አይሰጠንም። ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር እንዴት እንደሚመረጥ ባጭሩ እናያለን።

ያሉት አማራጮች

የመጀመሪያው በዎርድ ወይም በስልክ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ቀላል ነው፣ ፍለጋም ይሰራል፤ መጠን ማባዛት ግን አይችልም።

ሁለተኛው ኤክሴል ወይም በነፃ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ካልክ ነው። የቁስ ስም፣ መጠንና መስፈሪያ በየዓምዱ ስለሚገባ መፈለግም ማባዛትም ይቻላል።

ሦስተኛው ለዚሁ ተብለው የተሰሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ፓፕሪካ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ መጠንም ያባዛል። ሆኖም ለስልክና ለኮምፒውተር ለየብቻ የሚገዛ ሲሆን በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎቻችን ይከብዳል። ሚሊ እና ታንዱር የሚባሉት በነፃ የሚገኙ ናቸው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሰርቨር ይጫኑና ሌሎቹ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆነው በብሮውዘር ይጠቀማሉ። አጫጫናቸው ትንሽ ዕውቀት ይጠይቃል፤ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ልጆች ካሉን ግን አይከብድም።

ከመምረጣችን በፊት የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

1. የጻፍነውን ማውጣት እንችላለን? ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ፕሮግራም ያረጃል፣ ድርጅት ይዘጋል፣ ስልክም ይቀየራል። ሚልማስተር የሚባል በዶስ ዘመን የነበረ የምግብ አሰራር ፕሮግራም ዛሬ የሚጠቀምበት ሰው ማግኘት ይከብዳል። በእሱ የተጻፉት አሰራሮች ግን በተራ ጽሑፍ ፋይል ይወጡ ስለነበር በኋላ የመጡ በርካታ ፕሮግራሞች ያነቧቸዋል። ስለዚህ አንድ አፕ ስናወርድ ሃምሳ አሰራር ከመጻፋችን በፊት አንድ ጽፈን ወደ ውጭ አውጥተን እንየው። በሌላ ፕሮግራም ካልተከፈተ ሌላ እንፈልግ።

2. አማርኛችን ሳይበላሽ ይወጣል? በኤክሴል ተራውን ሲኤስቪ መርጠን ብናስቀምጥ የግዕዝ ፊደላት ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራሉ። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ አለብን። ፋይሉን ዘግተን እንደገና ከፍተን ማየትም ልማድ ይሁንልን።

3. ፍለጋው ያገኝልናል? ለኮምፒውተር «ሥጋ» እና «ስጋ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ሐልዋ» እና «ሀልዋ»ም እንደዚሁ። ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ ላይ መስማማት ያስፈልጋል። ከየክልሉ የመጣን ስለሆንን «ሌላ ስም» የሚል ዓምድም ይኑረን። አንዱ አብሽ የሚለውን ሌላው በዐረብኛው ሁልባ ይለዋልና።

4. መስፈሪያችንን ይቀበላል? ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የተሰሩት በውጭው ኩባያና ማንኪያ ነው። ሲኒ፣ ጭልፋና ጣሳ አያውቁም። የራሳችንን መስፈሪያ መጨመር የሚፈቅድ ይሻላል። ቋሚ ልክ ከፈለግን ግን ሚዛን ይበልጣል። አንድ ኩባያ ውሃ 240 ግራም ያህል ሲመዝን በዚያው ኩባያ የተሰፈረ ዱቄት ግን 120 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ኩባያን ወደ ግራም የሚቀይር አንድ ቁጥር ለሁሉም ቁስ አይሰራም።

5. ያለ ኢንተርኔት ይሰራል? ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ማዕድ ቤት ውስጥ ከማይከፈት አፕ ይልቅ የታተመ ወረቀት ይሻላል።

ከኢንተርኔት ስለሚገባ አሰራር

አንዳንድ ፕሮግራሞች የድረ ገጽ አድራሻ ሲሰጣቸው አሰራሩን ራሳቸው ይስባሉ። ይህን የሚያደርጉት ብዙ ገጾች ስኬማ ዶት ኦርግ በሚባል የጋራ ደንብ ስለሚጻፉ ነው። ደንቡን ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ በ2011 እ.ኤ.አ. ጀመሩት። ስለዚህ የኬክ አሰራር በአንድ ጠቅታ ይገባልናል፤ የእናታችን ሾርባ ግን በየትኛውም ገጽ ላይ ስለሌለ በእጃችን መጻፍ አለብን። በጠቅታ የገባውን ደግሞ ሳናነብ አንመን። ጄላቲን፣ ወይን ወይም አልኮል ያለበት የቫኒላ ጭማቂ ሊኖርበት ይችላል። «ተጣርቷል» የሚል ምልክት ማድረጊያ ቦታ እናዘጋጅ፤ የሚያጠራጥረንን ዑለሞችን እስክንጠይቅ ምልክት አናድርግበት።

የእኛ ምክር

በኤክሴል ወይም በካልክ እንጀምር። በሁለት ገጽ ይበቃል። በመጀመሪያው ገጽ የምግቡ ስም፣ ሌላ ስሙ፣ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ አሰራሩና ከማን እንደተገኘ ይጻፋል። በሁለተኛው ገጽ ለእያንዳንዱ ቁስ አንድ ረድፍ ይሰጠዋል፦ የምግቡ ስም፣ መጠን፣ መስፈሪያ፣ ቁስ። «2 ኩባያ» ብለን በአንድ ሳጥን ውስጥ ብንጽፈው ኮምፒውተሩ ማባዛት ስለማይችል ቁጥሩ ብቻውን ይግባ። ከዚያ መጠኑን በምንፈልገው የሰው ቁጥር አባዝተን አሰራሩ ለተጻፈለት የሰው ቁጥር እናካፍላለን። ለ6 ሰው 2 ኩባያ ምስር ከሆነ ለ60 ሰው 20 ኩባያ ይሆናል ማለት ነው።

ግን ሁሉም ነገር እንዲህ አይባዛም። በእንፋሎት የሚጠፋው ውሃ የሚወሰነው በድስቱ አፍ ስፋትና በሚፈላበት ጊዜ ነው። ድስቱ አሥር እጥፍ ቢይዝም አፉ አሥር እጥፍ አይሰፋም። ውሃውን በአሥር ካባዛነው ሾርባው ይቀጥናል፤ ቀንሰን ጀምረን እያየን መጨመር ይሻላል። ጨውና በርበሬም እየተቀመሱ ይጨመሩ፤ ጾመኛ ከሆንን የማይጾም ሰው ይቅመስልን። ለካስ «በዓይንህ እየው» የሚሉን እናቶቻችን ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ነግረውናል። ይህንንም በማስታወሻ ዓምድ ላይ እንጻፈው፦ «ሲወፍር ውሃ ይጨመር፣ ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲይዝ ይውረድ»።

«ከማን እንደተገኘ» የሚለውን ዓምድ ባዶ አንተው። መድረሳ የተማርን ሰዎች የኢስናድን ዋጋ እናውቃለን። ስሙ ካለ የጎደለውን ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ ለባለሙያዋም ዱዓ ይደረግላታል። አሰራሩን ለሌላ ከማጋራታችን በፊት ግን እናስፈቅድ። የቤት ሙያ አማና ነው፤ በቤቷ እንዲቀር የምትፈልግ እናት ትኖራለች።

ስብስቡ ሲበዛና ኤክሴሉ ሲያስቸግር ወደ ሚሊ ወይም ታንዱር መሸጋገር ይቻላል። ቁጥሩ፣ መስፈሪያውና ቁሱ ተለይተው ስለተጻፉ ድካማችን አይባክንም።

የሚቀጥለው እረፍት ላይ ወደ ቤት ስንሄድ ትንሽ ሚዛንና ደብተር ይዘን ማዕድ ቤት እንግባ። እናታችን እፍኝ ሙሉ አጃ ስታነሳ ድስቱ ውስጥ ሳይገባ ሚዛኑ ላይ እናሳርፈውና ቁጥሩን እንጻፍ። ሽንኩርቱን እየላጥን ከጠየቅናት ደግሞ የበለጠ ትነግረናለች። አንድ ምግብ ብቻ ይዘን ብንመለስ እንኳ በቂ ጅምር ነው።

አላህ የእናቶቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን፣ ለሄዱትም ይዘንላቸው።