ኩባ ለምሥራቅ ቲሞር 1000 ሐኪም አልላከችም

ዛሬ ሥልጠና ላይ አንድ ተሳታፊ «ኩባ ለምሥራቅ ቲሞር 1000 ሐኪሞች በነጻ ላከች፤ ለእኛስ?» የሚል ስላይድ ከፍቶ አቀረበ። አዳራሹ አጨበጨበ። ምንጩ ሲጠየቅ «ቴሌግራም ላይ አይቼው ነው» አለ። የጤና የሰው ኃይል ዕቅድ እንጀራዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲጨበጨብለት ማየት አልችልም። እዚያ ሰዓት አልነበረም፣ እዚህ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ቁጥሩ። 1000 የተባለው የትምህርት ዕድል ነው። የተላከ ሐኪም አይደለም! በየካቲት 2003 ኳላ ላምፑር በተካሄደው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ላይ ፊደል ካስትሮ ከአዲሲቱ አገር ከቲሞር መሪዎች ጋር ተገናኙ። መጀመሪያ የተነሳው ጥቂት የሕክምና ስኮላርሺፕ ነበር፤ ቆይቶ 600፣ ከዚያም 1000 ሆነ። ኩባውያኑ ሐኪሞች ራሳቸው መግባት የጀመሩት በ2004 ነው። እጅግ በበዙበት ጊዜ እንኳ ከሌሎቹ የጤና ባለሙያዎች ጋር ተደምረው 300 ገደማ ነበሩ። ተማሪንና ሐኪምን አንድ ላይ የሚቆጥር ሰው የሰው ኃይል ዕቅድ አይሥራ።

2. ምክንያቱ። ቲሞር በ1975 በኢንዶኔዥያ ተወረረች። በነሐሴ 1999 ሕዝቡ ነጻነትን ሲመርጥ ሚሊሻዎች አገሪቱን አነደዷት፤ ጤና ጣቢያዎች ወደሙ፣ ኢንዶኔዥያውያኑ ሐኪሞች ወጡ። ግንቦት 20 ቀን 2002 ነጻነቷ ሲታወጅ አንድ ሚሊዮን ለማይሞላ ሕዝብ የነበሩት ሐኪሞች ከሃምሳ ያነሱ ነበሩ። ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ራሷ በአሜሪካ ማዕቀብ ስር ያለችው ኩባ የደረሰችላት እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያሳንሰው አልፈልግም።

3. «በነጻ» የምትለዋ። የኩባውያኑን መደበኛ ደመወዝ የሚከፍለው የኩባ መንግሥት ነው። ቤት፣ መጓጓዣና አበል የቲሞር ድርሻ ነው። ኩባ የተላኩት ተማሪዎችም ትምህርቱና ማደሪያው ከኩባ፣ የአውሮፕላን ትኬቱና የኪስ ገንዘቡ ከቲሞር ካዝና ነበር። ቲሞር ደግሞ ከ2005 ጀምሮ የነዳጅና የጋዝ ገቢዋን የምታስቀምጥበት ፈንድ አላት።

ኩባ ሐኪም የምትልክበት ውል በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። ብራዚል ከ2013 እስከ 2018 ኩባውያኑን ገንዘብ ከፍላ ነው ያሠራችው፤ አብዛኛው ክፍያ የሄደውም ለኩባ መንግሥት ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2018 መቶ ኩባውያን ሐኪሞችን በክፍያ አስመጣች፤ በ2019 ሁለቱ ማንዴራ ላይ በአልሸባብ ታገቱ፤ በ2023 ውሉ ተቋረጠ። ተልዕኮውን ጥሎ የጠፋ ኩባዊ ሐኪም ለስምንት ዓመት አገሩ እንዳይገባ ይከለከላል። አሜሪካ ይህንን ሁሉ «የግዳጅ ሥራ» ብላ በየካቲት 2025 የቪዛ ክልከላዋን አሰፋች። ስለዚህ «ንጹሕ ስጦታ» የሚለውም «የባሪያ ንግድ» የሚለውም ውሉን ሳያይ ነው የሚያወራው። የየአገሩን ውል ለየብቻ አንብቡ።

ኩባስ ምን አገኘች? ንግድ እንዳትሉኝ። አንዷ ቡናና ጋዝ፣ ሌላዋ ኒኬልና ሲጋራ ይዘው በሁለት ውቅያኖስ ማዶ ለማዶ ነው የሚተያዩት፤ የሚገበያዩት ከቁጥር አይገባም። ያገኘችው ኤምባሲ፣ ወዳጅና በየዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ማዕቀቡን የሚቃወም አንድ ድምጽ ነው። ለትንሽ አገር ይህ ትንሽ አይደለም።

4. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ ቲሞራውያን በ2010 ተመረቁ። ዋና ከተማዋ ዲሊ ላይም በ2005 በኩባውያን እጅ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፍቶ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተመራቂው ቁጥር ወደ 1000 ተጠጋ። በወረቀት ላይ ተአምር ነው። ሐኪሙ ግን ወረቀት ላይ አይሠራም! የሥራ መደብ ይፈልጋል፣ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ ከበላዩ የሚያማክረው ስፔሻሊስት ይፈልጋል። በስፓኒሽ ተምረው የተመለሱት ልጆች ሆስፒታል ሲገቡ የጠበቃቸው ቴቱም፣ ፖርቱጋልኛና ኢንዶኔዥያኛ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ የመድኃኒት መጋዘን ለዓመታት በመድኃኒት እጥረት ስሙ ሲነሳ ኖሯል። ከባድ ሕመምተኛ ዛሬም ወደ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ሪፈር ይደረጋል። የቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ ስፔሻሊስቶችን ለማፍራት ደግሞ የአውስትራሊያ እገዛ አስፈልጓል። ኩባ ጠቅላላ ሐኪም አበዛች፤ የቀረውን ማንም በካርቶን አሽጎ አይልክላቸውም።

የሠራው ክፍል የትኛው መሰላችሁ? በ2015 የተጀመረው የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። ጠቅላላ ሐኪሙ ነርስና አዋላጅ ይዞ መንደር ወርዶ ቤተሰቡን ይመዘግባል። ይህ የኩባ ሞዴል ነው፣ ለዚያች ተራራማ አገርም ልኳ ነው። ይህን ግን ስላይድ ላይ የሚያስገባው የለም፣ ለፎቶ አይመችማ።

የእኛስ የጤና ቢሮዎች? ሪፖርት ሲጻፍ «ይህን ያህል አስመረቅን»። ስንት ቀጠርን የሚል ረድፍ ሠንጠረዡ ላይ የለም! ተማሪ በገፍ ቅበሉ ተባለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተቀበሉ፣ ልጆቹ ሌሊት አንብበው ተመረቁ። ዛሬ ጠቅላላ ሐኪም ሲቪ ይዞ በየክልሉ ይዞራል፣ ወረዳው ደግሞ «ሐኪም የለንም» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መሐል ላይ ያለው በጀት ነው፣ በጀት የሚይዘው ቢሮ ደግሞ «መደቡ አልተፈቀደም» ብሎ ይመልሳል። መደቡን የሚፈቅደው ቢሮ «በጀት ሲያዝ» ይላል። ለጋሾችም ያው ናቸው፦ ለሥልጠና አዳራሽ ኪራይ፣ ለቦርሳና ለአበል ገንዘብ አለ፤ ለደመወዝ ሲጠየቁ «ዘላቂነት የለውም» ይላሉ። አዳራሹስ ዘላቂ ነው?

ወደ ቲሞር ልመለስ፤ ስለ ወባም አንድ ነገር። «ኩባዎቹ ቲሞርን ከወባ አጸዱ» የሚል ጽሑፍ ይዞራል። ቲሞር በ2006 ከ223,000 በላይ የወባ ሕመምተኛ መዝግባለች፤ ከ2021 ጀምሮ አገር ውስጥ የተያዘ የለም፤ በሐምሌ 2025 የዓለም ጤና ድርጅት ከወባ ነጻ ናት አለ። ሐኪሞቹ ድርሻ አላቸው። አጎበሩ፣ ፈጣን ምርመራው፣ ርጭቱና የግሎባል ፈንድ ገንዘብስ? በዚያው አገር ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሕጻናት ዛሬም የመቀንጨር ችግር አለባቸው። ይህን ደግሞ ሐኪም ብቻውን አይፈታውም፤ ምግብና ንጹሕ ውኃ ነው።

ኩባን በስሜት የምናይበት ምክንያት ይገባኛል። ለወደቁ ኩባውያን ወታደሮችም መታሰቢያ የሆነው ትግላችን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ ቆሟል፣ በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት ላይ ተምረዋል። ግን ከእነሱም ብዙዎቹ ሲመለሱ የላካቸው መንግሥት አልጠበቃቸውም። ከዚያ መማር የነበረብን አሁን የምጮኽበትን ነገር ነው።

የዕቅድ ክፍል ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ማንኛውም አገር ስኮላርሺፕም ሆነ ሐኪም ልስጣችሁ ሲል አመስግናችሁ ተቀበሉ። በዚያው ቀን ግን ለሚመለሰው ሐኪም መደብና የመድኃኒት በጀት ያዙለት። መያዝ ካልቻላችሁ ኮታ አትጨምሩ።